በረኪናና ፀሐይ ለአሮጌ የፕላስቲክ ፈረሰኛ አይበጁም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቤት አያያዝ ዓምዳችሁ ላይ የቆዩ የፕላስቲክ መጫወቻዎችን በበረኪና ውኃ ዘፍዝፎ፣ በብሩሽ ፈግፍጎ ፀሐይ ላይ ማስጣት እንደ አዲስ እንደሚያደርጋቸው የሚመክር ጽሑፍ አንብበናል። ምክሩ ዘንድሮ ከሱቅ ለተገዛ ባልዲና ኳስ ያስኬድ ይሆናል። ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ለተሠራ የፕላስቲክ ፈረስና ፈረሰኛ ግን ጥፋት ነው (በዚህ ደብዳቤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ እነዚህን ዕቃዎች የምንሰበስብና የምንጠግን ሰዎች ነን። ምክሩ ክረምት ከመግባቱ በፊት እንዲታረም እንጠይቃለን፤ ምክንያቱንም በዝርዝር እናስረዳለን።

እንዲህ ያለ ዕቃ በእኛ ከተማ ማን አለው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ብዙ ሰው አለው፤ ምን እንደያዘ ግን አያውቅም። ከውጭ የመጣ ዘመድ ለልጆች ብሎ ባመጣው ኮተት ውስጥ፣ ከሰልባጅ ጋር በተራገፈ የመጫወቻ ካርቶን ውስጥ፣ ድሮ የውጭ ዜጋ አሠሪ ሲሄድ ትቶት በሄደው ዕቃ መካከል ይገኛል። አንዳንዱ ቡፌ ላይ ከብርጭቆ ጎን ቆሞ ዓመታት አስቆጥሯል። ኮፍያው የጠፋ ካውቦይ፣ ጦሩ የተሰበረ ባለጥሩር፣ ጭራው የተቆረጠ ፈረስ ነው ብሎ የሚጥለው ሰው፣ አንዳንዴ የሚጥለው ከእንግዲህ ፋብሪካ የማያመርተውን ነገር ነው።

ከአሜሪካ የመጡት ትልልቆቹ በብዛት የሁለት ፋብሪካዎች ሥራ ናቸው። በዊስኮንሰን ግዛት የነበረው ሃርትላንድ ፕላስቲክስ በ1950ዎቹ በቴሌቪዥን የታወቁ ካውቦዮችን ከነፈረሳቸው ይሠራ ነበር፤ ኮፍያው፣ ሽጉጡና ኮርቻው የሚነቀሉ ስለሆኑ ሙሉውን ማግኘት ከባድ ነው። ቺካጎ የነበረው ብሬየር ደግሞ በ1950 አካባቢ ለአንድ የሰዓት አምራች ከጠረጴዛ ሰዓት ጎን የሚቆም ፈረስ በመሥራት ጀመረ፤ ስሙ ዛሬም በገበያ አለ። ከእንግሊዝ የመጡት በቁመት ያነሱ ናቸው። ብሪቴንስ በ1893 ውስጡ ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደር በመሥራት የታወቀ ድርጅት ነው። በ1958 ወገባቸውና አንገታቸው የሚዞር፣ ጭንቅላታቸው የሚቀያየር የፕላስቲክ ፈረሰኞችን አወጣ፤ በ1971 ደግሞ ብረት መቆሚያ ያላቸውን ዲቴይል የተባሉትን። ቲምፖ ብዙዎቹን ቀለም ሳይቀባ፣ የተለያየ ቀለም ያለውን ፕላስቲክ አንዱን በሌላው ላይ እያፈሰሰ ይቀርጽ ነበር። የጀርመኑ ኤላስቶሊን 7 ሴንቲ ሜትር በሚሆነው ልኩ ይለያል። ከእነዚህ ሁሉ የተቀዱ የሆንግ ኮንግ ሥራዎችም አሉ፤ እዚህ አገር በብዛት የሚገኙትም እነሱ ናቸው።

ሁሉም «ፕላስቲክ» ይባሉ እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ለአንዱ የሚስማማ አያያዝ ሌላውን ይገድላል። ውኃም ሆነ ሙጫ ከመንካቱ በፊት የትኛው ፕላስቲክ እንደሆነ መለየት ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከሁሉም ሥጋት ያለበት ሴሉሎስ አሲቴት ነው። ሃርትላንድና ብሬየር የተሠሩት ከዚህ ነው። አሲቴት መነሻው የጥጥ ወይም የእንጨት ጭረት ሲሆን፣ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ፋብሪካው ማለስለሻ ኬሚካል ይቀላቅልበታል። ይህ ማለስለሻ ከዓመታት በኋላ ወደ ውጭ ይወጣል። ፈረሱ ይኮማተራል፤ እግሩ ይንጋደዳል፤ ግራና ቀኙ የተጣበቀበት መስመር ከሆዱ ሥር መከፈት ይጀምራል። ሌላው ችግር ይብሳል፦ አሲቴት እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ይፈርሳል፣ ሲፈርስም አሴቲክ አሲድ ይለቃል። አቸቶን አቸቶ የሚያሰኘው ያው አሲድ ነው። የወጣው አሲድ ተመልሶ መፍረሱን ስለሚያፋጥን፣ አንዴ የጀመረ ፈረስ እያደር ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ማዘግየት ይቻላል፤ መመለስ አይቻልም። በረኪና ደግሞ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ነው፤ አልካሊም አሲቴትን ከሚያፈርሱት አንዱ ነው። ከዚያም ላይ እነዚህ ፈረሶች ውስጣቸው ባዶ ስለሆነ፣ ዘፍዝፎ ማሳደር ማለት በመገጣጠሚያው ስንጥቅ ገብቶ ለሳምንታት የማይደርቅ ውኃ በሆዳቸው ማስቀመጥ ነው።

ምልክቱን ቀድሞ ማየት ይቻላል። ፈረሱን ወደ መስኮት ብርሃን አስጠግተው የጉልበቱን ውስጥ፣ የብሽሽቱንና የጋማውን ሥር ይመልከቱ። ላብ የመሰለ ተለጣፊ ጠብታ ወይም እንደ ደቃቅ ጨው ነጭ ብናኝ ካለ ማለስለሻው እየወጣ ነው። ቀጥሎ ሆዱ ሥር ያለውን ስንጥቅ አሽትቱ። የአቸቶ ሽታ ካለ መፍረሱ ተጀምሯል። አፍንጫን ለማያምን ሰው ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት አለ፤ የትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ያውቀዋል። አንድ ቁራጭ በተጣራ ውኃ አርጥቦ ፈረሱን ሳይነካ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አብሮ 24 ሰዓት ማቆየት ነው። ወረቀቱ ወደ ቀይ ከተለወጠ አሲድ አለ። ያ ፈረስ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ነፋስ በሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ ብቻውን ይቀመጥ። በፕላስቲክ ከረጢት ማሸግ ግን ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው፤ የወጣው አሲድ መውጫ አጥቶ እዚያው ይሠራበታል። ብዙ ሰው አቧራ እንዳይነካው ብሎ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የተንጋደደ እግር ለማቅናት የሚቻለው ጤነኛ በሆነ፣ ሽታም ጠብታም በሌለው አሲቴት ላይ ብቻ ነው። ውኃውን በቴርሞ ሜትር እየለኩ 60 ዲግሪ አካባቢ ያድርሱት። የፈላ ውኃ አይሆንም፤ በባሕር ዳር ከፍታ ውኃ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ቢሆን ለአሲቴት እጅግ የበዛ ነው። የተንጋደደውን እግር ብቻ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይንከሩ። አውጥተው በቀስታ፣ ሊደርስበት ከሚገባው ትንሽ አሳልፈው ያቅኑት፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሳይለቁ 1 ደቂቃ ይያዙት። ካልቀና ይድገሙት እንጂ በጉልበት አይግፉ። የተቀባው ቀለም በሙቀት መነሣት ከጀመረ ሥራው ይቁም። ጥቂት የተንጋደደ ፈረስ ከነፋብሪካ ቀለሙ፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቀለም አልባ ፈረስ ይበልጣል።

ሁለተኛው ዓይነት ፖሊኢትሊን ነው። ትንንሾቹ የእንግሊዝ ካውቦዮችና ባለጥሩሮች፣ የሆንግ ኮንጎቹም አብዛኞቹ ከዚህ የተሠሩ ናቸው። አዲስ ሳለ ይለመጣል፤ ልጅ ቢረግጠውም አይሰበርም። ሲያረጅ ግን ብርሃንና ኦክስጅን ረጅሙን የሞለኪውል ሰንሰለት ይቆራርጡታል፤ የሚለመጠው ነገር ደረቅ እንጀራ ይሆናል። የሚሰበረውም ሁልጊዜ በቀጭኑ በኩል ነው፦ ጎራዴው፣ ዛቡ፣ ጦሩ፣ የፈረሱ ቁርጭምጭሚት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ይህንኑ ያፋጥናል። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ያውም ከምድር ወገብ ብዙ ሳትርቅ ነው ያለችው። አውሮፓ ውስጥ መስኮት ላይ ብዙ ዓመት የሚቆይ ነገር እዚህ በረንዳ ላይ እንደዚያ አይቆይም። ቢጫ ያደረገ ነጭ ፈረስን ፀሐይ አስግተው የሚያነጡ ሰብሳቢዎች በውጭ አገር አሉ፤ በእኛ ፀሐይ አንመክረውም።

ፖሊኢትሊን ሌላም ጠባይ አለው፦ ምንም ነገር አይጣበቅበትም። ቀለሙ ጣት ሲነካው የሚላጠው፣ በሱፐር ግሉ የተጣበቀ እግር በሳምንቱ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ሱፐር ግሉው ሲለቅ ነጭ ቅርፊት ትቶ ስለሚሄድ ቀጣዩን ጥገና ያበላሻል። ትክክለኛው ጥገና ችንካር ነው። ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር በሆነ መሰርሰሪያ፣ በእጅ ብቻ እያዞሩ፣ በሁለቱም የስብራት ገጽ ላይ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ይበሱ። የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ፕላስቲኩን ስለሚያቀልጠው አይሆንም። ለችንካር የድሮ የስልክ መስመር የመዳብ ሽቦ ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የወረቀት መያዣ ሽቦ ብረት ስለሆነ በሐይቁ ዳር እርጥበት ይዝጋል፤ ዝገቱ አብጦ እግሩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ችንካሩን በጥቂት ኢፖክሲ (ሁለቱ ክፍል ሲቀላቀል የሚደርቅ ማጣበቂያ) አስገብተው 24 ሰዓት ሳይነካ ይተዉት። እዚህ ላይ ሥራውን የሚይዘው ችንካሩ ነው፤ ኢፖክሲው ቀዳዳውን ከመሙላት አያልፍም።

ፈረሰኛውን ከኮርቻው መንቀል ሲያስፈልግ፣ ማለዳ በብርድ መሞከር አይገባም። ፖሊኢትሊን ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ተሰባሪ ነው። ለብ ባለ፣ ወደ 40 ዲግሪ በሚጠጋ ውኃ 2 ደቂቃ ካቆዩት በኋላ፣ ሳያጣምሙ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡት። አጣሞ መንቀል የመቀመጫውን ችንካር እዚያው ኮርቻው ውስጥ ያስቀራል።

ኤላስቶሊንን የመሰለው ጠንካራ ፖሊስታይሪን ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብሎ ሲነካ ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ፖሊኢትሊን ግን ድፍን ያለ። ሲሰበር ስብራቱ ንጹህ ስለሆነ በሞዴል ማጣበቂያ፣ ማለትም የፕላስቲክ ሞዴሎች በሚገጣጠሙበት ሙጫ፣ ጥሩ አድርጎ ይገጥማል። የሚያጠፋው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው። በውስጡ ያለው አሴቶን የፈረሱን ፊት በሰከንዶች ወደ ሙጫ ይለውጠዋል። አሲቴትንም እንዲሁ። ለስላሳው ፒ.ቪ.ሲ. ደግሞ ማለስለሻው እየወጣ የሚያጣብቅ ዓይነት ነው። በተለይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ፒ.ቪ.ሲ. ከፖሊስታይሪን ጋር ሲነካካ ነው። ለስላሳ ዛብ ወይም ኮርቻ ጠንካራ ፈረስ ላይ ለዓመታት ተጭኖ ከቆየ፣ የሚወጣው ማለስለሻ የፈረሱን አንገት እንደ ሰም አልስልሶ ጉድባ ያወጣበታል። ሁለቱን በሲሊኮን ወረቀት፣ ማለትም ኬክ በሚጋገርበት ወረቀት፣ ቁራጭ መለየት ይበቃል።

ለመለየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። ሙሉውን ምስል ሳይሆን የተነቀለ ትንሽ ክፍል፣ ለምሳሌ ኮፍያ ወይም ጋሻ፣ ንጹህ ውኃ ውስጥ ይጨምሩ፤ የተጣበቀበትን የአየር አረፋ በጣት ይጥረጉ። ከተንሳፈፈ ፖሊኢትሊን ነው። ከሰመጠ፣ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 300 ግራም ጨው ሟሙቶ ወደዚያ ይዛወር። በጨው ውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ፖሊስታይሪን ነው፤ አሲቴትና ፒ.ቪ.ሲ. እዚያም ይሰምጣሉ፤ ከሁለቱ ለስላሳው ፒ.ቪ.ሲ. ነው። ከዚያ በንጹህ ውኃ አለቅልቆ ማድረቅ ነው። በጋለ መርፌ ወግቶ በሚወጣው ሽታ የመለየት ልማድ ግን ይቅር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ አንዳንድ ፈረሶች ሴሉሎይድ ናቸው፤ ሲፈተጉ የካምፎር ሽታ አላቸው፤ እሳት ሲያገኙም ቦግ ብለው ይነዳሉ።

እንግዲህ እጥበቱ እንዲህ ነው። ለብ ካለ ትንሽ በታች የሆነ፣ ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ 1 ሊትር ውኃ፤ 2 ወይም 3 ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፤ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ። የዱቄት ሳሙና ቅንጣቱ ይቧጭራል፤ የጥርስ ብሩሽ የቆየ ቀለም ያነሣል። መጀመሪያ ከመቆሚያው ሥር፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ እርጥብ ጥጥ አስነክተው ቀለም መልቀቅ አለመልቀቁን ይዩ። ከለቀቀ እጥበት የለም፤ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይጸዳል። ካልለቀቀ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ታጥቦ፣ በንጹህ ውኃ ተለቅልቆ፣ በጥላ ሥር ቀዳዳው ወደ ታች ሆኖ 24 ሰዓት ይድረቅ። አሲቴት አይዘፈዘፍም፤ በጨርቅ ይወለወላል። ብረት መቆሚያ ወይም ብሎን ያለበትም አይዘፈዘፍም። ሻጮች አንዳንዴ ዕቃው እንዲያበራ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት ይቀቡታል፤ አቧራ ይዞ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ሲገዙ አገጩ ሥርና ጋማው መካከል ቅባት ካለ በጥጥ ይፈትሹ።

ስለ ልጆችም አንድ ነገር እንበል። ከፕላስቲኮቹ ጋር ተደባልቆ የሚመጣ፣ ለትንሽነቱ ከባድ የሆነ ፈረሰኛ እርሳስ ሊሆን ይችላል፤ ማግኔት አይስበውም። እንግሊዝ የእርሳስ መጫወቻ መሥራት ያቆመችው በ1966 ነው። አሜሪካ በመጫወቻ ላይ የሚቀባ የእርሳስ ቀለምን የከለከለችው በ1978 ነው። ስለዚህ የቆየ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅም፤ ዱቄቱ ወደ ሳንባ ይገባል። አፉ ውስጥ ዕቃ የሚጨምር ሕፃን ባለበት ቤት እነዚህ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ።

በጣና ዳር የማስቀመጥ ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ ከፍ ይላል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥ ይግላል። ሁለቱም ለአሲቴት መርዝ ናቸው። ተስማሚው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሙቀትና ከ40 እስከ 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ነው። ይህንን ዓመቱን ሙሉ ማግኘት ባይቻልም መቅረብ ይቻላል፦ ኮርኒስ ባለው ክፍል፣ ከውጭ ግድግዳ 5 ሴንቲ ሜትር ራቅ ያለ መደርደሪያ፣ መጋረጃ የሚከልለው። ትንሽ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ መግዛት ይገባል። ከጫማ ካርቶን የሚገኘው እርጥበት መምጠጫ፣ ሲሊካ ጄል፣ ይረዳል፤ ግን እርጥበት ከጠገበ አሸዋ ነው። በ110 ዲግሪ ምድጃ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ደርቆ ይመለስ። ከረጢቱ ወረቀት ከሆነ ብቻ፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል።

ከልብስ ሳጥን ጋር ተያይዞ የሚመጣ ጠላት ናፍታሊን ነው። ትነቱ ፖሊስታይሪንን ያለሰልሳል፤ ቀለሙንም ያጣብቃል። ለብል ብሎ የተጨመረ ናፍታሊን ባለበት ሳጥን ውስጥ ፈረስ አይቀመጥም። ሳሎን ውስጥ ቡና በሚፈላበት በኩል ያለ መደርደሪያም አይመከርም። የዕጣን ጭስ ተለጣፊ ዘይት አለው፤ በወራት ውስጥ ነጩን ፈረስ ቡላ ያደርገዋል፤ ያንን ለማንሣት የሚደረገው ፍትጊያ ደግሞ ቀለሙን ይዞ ይሄዳል። መስታወት ያለው ቁም ሣጥን አቧራና ጭሱን ይከላከላል፤ ነገር ግን አየር እንዲንቀሳቀስ ከኋላው ሁለት ቀዳዳ ይኑረው። ስፖንጅ ከምንም ነገር ሥር አይነጠፍ፤ ሲያረጅ ተፈርፍሮ ይጣበቃል። አረፋ ያለው መጠቅለያ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል። ጋዜጣም፣ ክቡር አዘጋጅ፣ ለመጠቅለያ አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፈረሱ ይተላለፋል። ንጹህ ነጭ ወረቀት ወይም ታጥቦ የሳሳ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል።

ለሚገዛ ሰው ደግሞ ዕድሜውን የሚነግሩ ምልክቶች አሉ። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ጽሑፍ ዕቃው በ1949 እና በ1990 መካከል መሠራቱን ያሳያል። በአሜሪካ ካርቶን ላይ አምስት አኃዝ ያለው የፖስታ ቁጥር ካለ ከ1963 አይቀድምም። ባርኮድ ካለ ካርቶኑ ከ1974 ወዲህ ነው። የሆንግ ኮንግ ምልክት ያለውን ግን ወዲያው ሐሰተኛ ነው ማለት አይገባም፤ ብሪቴንስ ራሱ በኋላ ሄራልድ የተባሉትን የፕላስቲክ ምስሎቹን እዚያ ያሠራ ነበር። እውነተኛው ቅጂ የሚታወቀው በካሊፐር፣ ማለትም በሚሊ ሜትር በሚለካ መቆንጠጫ፣ ነው። ከዋናው ላይ ቅርጽ ወስዶ የተቀዳ ምስል ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ትንሽ ያንሳል፤ የፊቱ፣ የዘለበቱና የጋማው ጠርዝም ይደበዝዛል። በሬዚን፣ ማለትም በፈሳሽነቱ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ በሚደነድን ፕላስቲክ፣ የተቀዳ ከሆነ እንደ ፖሊኢትሊን አይለመጥም። የብር ኖት ማረጋገጫ ሐምራዊ መብራት በጨለማ ማብራትም ይጠቅማል። በኋላ የተቀባ ቀለምና የተጨመረ ሙጫ ብዙ ጊዜ ከጎኑ ካለው የቆየ ገጽ የተለየ ፍካት ይሰጣል። ፈረሰኛው የዚያው ፈረስ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የመቀመጫውን ችንካር ይዩ፦ ከኮርቻው ቀዳዳ ጋር ሳይገፋ ካልገጠመ፣ ወይም ጭኑ ከፈረሱ ጎን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከተወ፣ ሌላ ቦታ ነበር።

መረጃው በካርድ ይያዝ፤ ምስሉ ላይ በማርከር መጻፍ አይገባም፤ ቀለሙ ወደ ፖሊኢትሊን ይሰርጋል። ቁመት፣ የፕላስቲኩ ዓይነት፣ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ፣ የጎደለው ክፍል፣ የፈረሱ መልክ። ለመልክ «ቡናማ» ብሎ ከመጻፍ ዳማ፣ ቦራ፣ ዳለቻ፣ አምባላይ የሚለው የራሳችን ቋንቋ በአንድ ቃል ይበቃል።

በመጨረሻ የምናነሣው በተለይ ያሳስበናል። ካውቦዩን ቀለም ቀብቶ የጉግስ ፈረሰኛ የማድረግ ፍላጎት እየታየ ነው። ፍላጎቱ ይገባናል። ነገሥታቱና መኳንንቱ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ ተብለው በፈረስ ስም በሚጠሩበት፣ እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በሚወጡበት፣ በጣና ገዳማት ግድግዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ አምባላይ በሚታይበት አገር፣ መደርደሪያ ላይ ያለው ፈረሰኛ ሁሉ የቴክሳስ ሰው መሆኑ ያስቆጫል። ይሁን እንጂ ሙሉ ሆኖ የተገኘ ሃርትላንድን ወይም ብሪቴንስን በአዲስ ቀለም መሸፈን ሁለቱንም ማጣት ነው፤ የፋብሪካው ቀለም አይመለስም፣ ሰውዬውም አበሻ አይሆንም። የካውቦይ እግር ቦቲ ለብሶ እስከ መሐል ውስጠ እግሩ እርካብ ውስጥ ገብቷል፤ በባዶ እግሩ የሚጋልበው የድሮ ባላገር ግን የእርካቡን ቀለበት የሚይዘው በእግሩ አውራ ጣት ነበር። ኮርቻውም ሌላ ነው፦ የእኛው ከፊትም ከኋላም ከፍ ያለ ሲሆን፣ የካውቦዩ ከፊት ገመድ የሚጠመጠምበት ቀንድ አለው። ይህንን ቀለም አይለውጠውም። መሥራት የሚፈልግ ሰው ፈረሰኛው የጠፋበትን፣ እግሩ የተሰበረ የሆንግ ኮንግ ፈረስ ይውሰድ፤ ቀንዱን ቆርጦ ከኋላ በኢፖክሲ ሊጥ ያሳድግ፤ ፈረሰኛውን ከእግር ጣቱ ጀምሮ አዲስ ይቅረጽ። ፈረሱ ፖሊኢትሊን ከሆነ ቀለሙ እንዳይላጥ ለፕላስቲክ የተሠራ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት፣ መጀመሪያ በስስ ይቀባ፤ ያም ሆኖ የሚታይ እንጂ የሚዳሰስ ዕቃ አይሆንም።

ስለዚህ ዓምዱ በሚቀጥለው እትም ሦስት ነገር እንዲያርም እንጠይቃለን፦ ከ1980 በፊት የተሠራ ወይም ዕድሜው የማይታወቅ የፕላስቲክ ፈረስና ፈረሰኛ በረኪና እንዳይነካው፣ ፀሐይ ላይ እንዳይሰጣ፣ በፕላስቲክ ከረጢት እንዳይታሸግ። እርምቱ እስኪወጣ በዚያ ምክር መሠረት የዘፈዘፈ አንባቢ ካለ ፈረሱን አሁኑኑ ያውጣው፤ በንጹህ ውኃ ሦስት ጊዜ ያለቅልቀው፤ በውስጡ የገባውን ውኃ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጎ ያንጠፍጥፈው፤ ከዚያም በጥላ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ሳምንት ሙሉ ሳይነካው ያድርቀው። ከደረቀ በኋላ ሆዱ ሥር ይሽተተው።

ከአክብሮት ጋር
በባሕር ዳር የአሮጌ መጫወቻ ሰብሳቢዎች